ጎድኗ የወጣ ጀልባ

ጀልባዋ ግቢው መሀል በሁለት አሮጌ ጎማ ላይ ከተጋደመች ወዲህ ሰፈሩ ባለቤቷን «አድሚራሉ» ብሎ ሰይሞታል። ሰፈር ስም ሲያወጣ ማንንም አያስፈቅድም። «አድሚራል፣ ጦርነቱ መቼ ነው?» ሲሉት ሰውየው አብሯቸው ይስቃል፤ በሩን ዘግቶ ሲገባ ግን ሳቁን ውጭ ጥሎት ነው የሚገባው። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ስለተቀመጠ ግቢውንም፣ ጀልባዋንም፣ የባሏንም ፊት ቀኑን ሙሉ ታያለች።

ጀልባዋ በደህናው ጊዜ ሰው ታሻግር ነበር። ከሐይቁ ከወዲህ ዳር ወደዚያኛው ዳር ነጋዴውን ከነኮተቱ፣ ተማሪውን ከነጩኸቱ ጭና ትመላለሳለች። አንድ ቀን አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ ልትወርድ ብድግ ስትል እግሯ ወለሉን በስቶ እስከ ጉልበቷ ገባ። የወደቡ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ አልሳቀችም፤ አድሚራሉም አልሳቀም። ወለሉን ገንጥሎ ሲያይ ጎድኖቿ፣ ማለትም ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ከወለሉ ሥር የተዘረጉት በፋይበር የተለበጡ ረጃጅም እንጨቶች፣ ውሃ የነካው ዳቦ ሆነዋል። በብሎን ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ የገባ ውሃ ነው። መግቢያ እንጂ መውጫ አላገኘም። ከላይ ሲያዩዋት ቀለሟ እንኳ አልለቀቀም ነበር፤ ስንቱ ነገር እንዲህ ነው።

የታላቅ ወንድሙ ስልክ መደወል የጀመረው ያኔ ነው። ወንድምየው ሩቅ አገር ድንጋይ መፍለጫ ውስጥ የፈረቃ አለቃ ሆኗል።

«ና ብዬሃለሁ፣ ና። ቦታው ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቅሃል። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ እኔን እንዳትወቅሰኝ።»

«እሺ ወንድም ጋሼ፣ ላስብበት።»

ይህ «ላስብበት» የሚስቱን አንጀት ይቆርጠው ነበር። አንድ ጊዜ ሄዶ ያውቃላ! ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ትቷት ሄደ፤ ሲመለስ ልጅቷ ትሮጣለች፣ ታወራለች። አባቷን ግን «ሰውዬው» ነው የምትለው። «እማዬ፣ ሰውዬው ሻይ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው» ትላለች፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ። ሰውዬውም ለእንግዳ እንደሚገባው ጭብጥ ብሎ ተቀምጦ «እፈልጋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ማታ አልጋ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ሲተኛ፣ በሩቅ አገር የለመደው አተኛኘት መሆኑን እያወቀች እንኳ ታለቅስ ነበር። «አባዬ» እስኪባል ስንት ከረሜላ፣ ስንት ማባበል እንደፈጀ እሷ ታውቃለች። ሁለተኛ አይሄድብኝም ብላ ለራሷ ምላለች።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ጀልባዋ ክረምቱ ሳይወጣ ውሃ ላይ ከወጣች ባሏ ይቀራል። ካልወጣች ይሄዳል።

አድሚራሉ ከጎረቤቱ ብረት በያጅ መቁረጫ ግራይንደር ተውሶ ሥራውን ያዘ። የፋይበር አቧራ የሚሉት ጉድ አለ፤ በእጅጌ ይገባል፣ በአንገት ይገባል፣ ካሳከከ አይለቅም። ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ ጀመር። እናቱ ከጓዳ ብቅ ብለው ነጭ ዱቄት የመሰለውን ልጃቸውን ያዩና፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ይመለሳሉ። እኚህ ሴት ተረት የማይጨምሩበት ነገር የለም።

ስህተቱ የተሠራው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጀልባ የሚያውቅ ሰው ጎድን የሚያወጣው አንድ በአንድ ነው። አንዱን ያወጣል፣ አዲሱን ይተክላል፣ ሲደርቅ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የፋይበር ቅርፊቷ ብቻውን ከቀረ የፕላስቲክ ሳፋ ማለት ነው፤ ባስቀመጡት በኩል ይለምጣል። አድሚራሉ ይህን ሰምቷል። ግን ግራይንደሩ የሰው ነው፣ አቧራው አስመርሮታል፣ ብስባሹም ሸቶታል። አንዴ ልገላገል አለና ጎድኖቹን ሁሉ ቆርጦ አውጥቶ ውስጧን እንደ ሰሃን ጠረጋት። ያንንም ያድርግ፤ ቢያንስ ሆዷን ከሥር በአንድ ግንድ ቢደግፋት ምን ነበረበት? የተደገፈችው በአፍንጫዋና በጅራቷ ብቻ፣ በሁለቱ ጎማ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ፋይበር ይለሰልሳል። ባዶዋ ጀልባ ቀን ቀን እየሞቀች፣ ማንም ሳያያት፣ ሆዷ ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ለመልቀም ግን መፍሰሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ይሁንና ያ ሳምንት ለልብስ ሰፊዋ ከተጋቡ ወዲህ ያላየችው ደግ ሳምንት ነበር። የደንበኛ ልብስ ወደ ጎን ብላ የፋይበሩን ጨርቅ በመቀሷ ትቆርጥለታለች። ጨርቅ ጨርቅ ነው፣ ቢወጋም።

«የት የተማርሽው ነው?» ይላታል፣ የቆረጠችው ጥግ ላይ ልክ ሲገጥምለት።

«እጅጌ ነው'ኮ። ብብት ያለው ነገር ሁሉ እጅጌ ነው።»

«ጀልባዬ ብብት አላት?»

«ካንተ የባሰ ይሸታል እንጂ አላት።»

ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው ሳቅ ይስቃል። በሩን ዘግቶ የሚጥለውን ዓይነት አልነበረም። ልጅቷም መስኮት ላይ ተንጠልጥላ «አባዬ፣ እኔንም አስቀኝ!» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ደስ አላት፤ ደስታዋም አስፈራት።

አዲሶቹን ጎድኖች የሚቆርጡበት ልክ ያስፈልግ ነበር። ከአሮጌዎቹ አንዱ እንጨቱ በስብሶ ቢያልቅም የፋይበር ልባሱ ቅርጹን እንደያዘ ወጥቷል። ባሏ እሱን ለልክ አስቀምጦታል፤ ለእሷ ይህ የሚያስረዱት ነገር አልነበረም፤ የወረቀት ልክ ሳትዘረጋ ቀሚስ ቆርጣ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ አሮጌውን ጎድን ተጋግዘው ወደ ቦታው አስገቡት። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ቤቱ አጠገብ መስመር ስለሚቆራረጥ እያወራ ወደ አጥሩ በር ሄደ፤ እሷ ጀልባዋ ውስጥ ተንበርክካ ቀረች።

ልኩ በአፍንጫ በኩል ነክቷል። በጅራት በኩልም ነክቷል። መሀሉ ላይ ግን ብርሃን ያሳልፋል። ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥራ ዘረጋች፤ ያው ነው። መዳፏን አጋድማ ከሥሩ ሰደደች፤ መዳፏ ገባ። ልኩን አንሥታ በሌላው ወገን ሞከረች፤ እዚያም መዳፏ ገባ። ልኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተበልቷል ይባል ነበር። የተወጠረው ሲባጎም ያንኑ ሲል ግን ልኩ ልክ ነው፤ የተለጠጠው ጨርቁ፣ የጀልባዋ ሆድ ነው። ከመንገድ ማዶ የሚሄድ ሰው ሱሪ መጣመሙን የምትለይ ሴት ናት፤ ለመሳሳት ብትፈልግ እንኳ ዓይኗ እሺ አላላትም።

ልትጠራው አፏን ስትከፍት ድምፁ ከበሩ መጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ስማኝ። ደክሞኛል። ይቺን ልጨርሳት ብቻ። ከዚህ ወዲያ አንድ ነገር ቢበላሽ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ እዚያው ጥያት እመጣለሁ። እማ ትሙት!»

አፏን ዘጋች።

እዚህ ላይ የሚፈርድባት ይፈርድባት። ያቺ ሴት ስለ ፋይበር የምታውቀው አንዴ ከጠነከረ እንደማይመለስ ነው። የተጣመመ ስፌት ተተርትሮ ይሰፋል፤ የተጣመመ ጀልባ ግን ያለቀለት ነገር መሰላት። ካለቀለት ደግሞ ብትናገርም አይድን፤ መናገሯ የሚያመጣው አንድ ነገር ባሏ ሻንጣውን ይዞ መሄዱን ነው። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ አማቷ። መዳፍ ብቻ በምታስገባ ክፍተት ምን ይመጣል? ምናልባት ውሃው አያውቅባትም። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ የማያምነውን ማመን ይጀምራል።

ሲመለስ ልኩን አንሥታ ይዛ አገኛት።

«ገጠመ?» አላት።

«አላየሁትም፣ ይኸው አንተ እየው።»

ማየቱን አየ። አዲሱን ጎድን በልኩ ቆርጦ ሲያስገባ መሀሉ ላይ ክፍተቱን አይቶ ግንባሩን አሸ። አሮጌውን ልክ ገልብጦ ሥሩን በጣቱ ዳሰሰ።

«ግራይንደሩ ልኩን ከሥር በልቶት ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «በስቱኮ እሞላዋለሁ። አይደል?» ብሎ ዞሮ አያት። «ምን ይመስልሻል? አንቺ እኮ ነሽ የልክ ሰው።»

«ይሆናል» አለችው።

አንዲት ቃል ናት። በስቱኮ ሞላው፣ ጨርቁን አለበሱት፤ እሱ ሬዚኑን፣ ጨርቁን የሚያጣብቀውን ሙጫ፣ ማጠንከሪያ ጠብ እያደረገ ሲያማስል ጣሳው በእጁ ውስጥ ይግላል፤ እሷ ከመጠንከሩ በፊት እየተሽቀዳደመች በብሩሽ ትቀባለች። በማግስቱ በመዶሻ ሲያንኳኩት ድንጋይ ሆኗል። ጎድኖቹ ሁሉ ገቡ፣ ወለሉ በኮምፔርሳቶ ተመታ፣ ቀለም ተቀባ። የወረደው ሆድ እንደወረደ፣ ለዘለዓለም ተያዘ። ባሏ ግን ቀን በቀን ወጣት እየሆነ ሄደ። የወንድሙን ስልክ አላነሣም። አንድ ቀን ደግሞ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ይዞ፣ «ባንቺ ነው የተነሣችው። ብቻዬን ብሆን ድሮ ጥያት ሄጄ ነበር» አላት። መርፌው ጣቷን ወጋት።

«ምነው?»

«ምንም። መርፌ ነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

ጀልባዋ ውሃ የነካች ቀን ሰፈሩ ግማሹ ሊገፋ፣ ግማሹ ሊያሾፍ ወጥቶ ነበር። አማቷ የልጅቷን እጅ ይዘው ዳር ላይ ቆመዋል። አድሚራሉ መሪ ያዘ፤ ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ሞተር የሚጠግነው ወዳጁ ከኋላ ሆነ። ቀስ ብለው ከወደቡ ወጡ። ጀልባዋ ውሃው ላይ ተንሸራተተች፤ አልጠጣችም፣ አላዘነበለችም፣ ወለሉ እንደ ቤት ወለል ጸጥ ብሏል። ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው። መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ይኸው!» አለ። እሷም ያን ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ዓይኗ የዋሻት መሰላት። ዓይኔ ዋሽቶኝ ይሁን፣ እኔ ዕውር ልሁን ብላ ለመነች።

ከዚያ ነዳጅ ሰጣት።

አፍንጫዋ ተነሣና ዷ ብሎ ወረደ። እንደገና ተነሣ፣ ወረደ። ቀነሰላት፤ ቆመች። ሰጣት፤ መጋለብ ጀመረች። ሞተረኛው ጎኗን ጨብጦ «ቀንስ! ቀንስ!» ይጮኻል። ክብደት ወደፊት አመጡ፣ ወደኋላ መለሱ፤ ሞተሩን ከፍ አደረጉ፣ ዝቅ አደረጉ። ያው ነው። በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ዝላይ ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ሦስቱም ሰሙት። ዳር ላይ ሰዎች «አድሚራሉ ፈረስ ነው እንዴ የገዛው?» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ድምፁ በውሃው ላይ ጥርት ብሎ ይመጣል። በዝግታ ብቻ የምትሄድ ጀልባ መሀል ሐይቅ ላይ ነፋስ የሚያገኛት ጀልባ ናት። ማንም ልጁን አይጭንባትም፤ አድሚራሉም ራሱ አይጭንም።

ወደ ግቢ ከመለሷት በኋላ ሞተረኛው ቀጥ ያለ ብረት ከሆዷ ሥር አጋድሞ አየ። መሀሉ ነካ፣ ሁለቱ ጫፍ ተንሳፈፈ።

«ሆዷ ወርዷል» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ጎድኑ የወጣ ጊዜ ከሥር አልደገፍካትም?»

«አልደገፍኳትም።»

«ያኔ ብታዩት እኮ ምንም አልነበረም። ባዶዋን እያለች አንድ የመኪና ክሪክ ከሥር አስገብቶ ቀስ እያሉ ወደ ላይ መግፋት ነው፤ ትመለሳለች። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። አሁን ግን» አለና በመዶሻው አንኳኳ፤ ድምፁ ደንደን ያለ ነበር። «አሁን ሁሉን መልሶ መቁረጥ ነው። ጎበዝ ሠርታችኋል ደግሞ፣ በጣም ጠንክሯል።»

ሰውየው ክፉ አላሰበም። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ የተሰጣ ልብስ ልታነሣ ገመዱ ጋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ግማሽ ቀን። ጎረቤት ሁሉ ክሪክ አለው፤ ብረት በያጁ ብቻ ሁለት አለው። የደረቀውን ልብስ ትታ እርጥቡን ይዛ ገባች።

አድሚራሉ አልተቆጣም፣ አልጠጣም፣ ዕቃ አልሰበረም። ለጥቂት ቀን ጀልባዋን እየዞረ ሲያያት ከረመ። ከዚያ ለወንድሙ ደወለ።

የሚሄድ ዕለት ጠዋት ሻንጣው በሩ ላይ ቆሟል። እናቱ ወንበር ላይ፣ ልጅቷ እግራቸው ሥር ተቀምጠዋል። እሱ ግን የሚገርም ነው፣ ቀለል ብሎት ነበር። የሚሄድ ሰው ሳይሆን የሚመለስ ሰው ፊት ነው ያለው። ሲያስብበት ከርሞ ዕቅድ አውጥቷል፦ ይሠራል፣ ይመለሳል፣ ጎድኖቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ ሆዷን በክሪክ ይገፋል፣ እንደገና ይጀምራል።

«ራሴን ስረግም ነበር የሰነበትኩት፣ እማ» አለ። «ዕውር ነኝ፣ እጄ የማይረባ ነው እያልኩ። በኋላ ግን አሰብኩ። ይቺ ሚስቴ አጠገቤ ነበረች። ዓይኗን ታውቂዋለሽ፤ ክር ቢዛነፍ ታያለች። ከእሷ ዓይን ያመለጠ ነገር እኔ ከየት ላየው? የማንም ጥፋት አይደለም። ዕድል ነው።»

«ዕድል ነው ልጄ» አሉ እናቱ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። እጇን ያዘ፤ እናቱ ፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ጀልባዋን አደራ። ዝናቡን እያየሽ ሸራ አልብሺያት። የሆነ ነገር ካየሽ ደውለሽ ትነግሪኛለሽ፤ ያንቺ ዓይን ለኔ ይበቃኛል። አንቺን አምኜ ነው የምሄደው።»

ዝም ብትል ኖሮ! ባሏ አምኗት ይሄድ ነበር፤ አምኗትም ይመለስ ይሆናል። ዝም ማለት በሚገባት በዚህ ሰዓት ግን አልቻለችም። ያ እጅ እጇን ጥብቅ አድርጎ ይዟታል፤ በውሸት የተያዘ እጅ መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«አይቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ሆዷ መውረዱን። ልኩን ያስገባን ቀን። አንተ ስልክ ልታነሣ ስትሄድ መዳፌን ከሥሩ ሰደድኩ፣ ገባ። በሁለቱም በኩል ገባ።»

እናቱ «አንቺ ልጅ…» ብለው ቀሩ፤ ለዚህ ተረት አልነበራቸውም።

«ለወንድምህ የተናገርከውን ሰማሁ። አንድ ነገር ብቻ ቢበላሽ ጥያት እመጣለሁ ስትል። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው። እንደሚስተካከል አላወቅኩም። በእግዜር፣ አላወቅኩም።»

እጇን ለቀቀ። አልወረወረውም፤ ዕቃ እንደሚያስቀምጡ አድርጎ ቀስ ብሎ ነው የለቀቀው። በመስኮቱ ጀልባዋን አየ፣ ከዚያ የስፌት መኪናዋን፣ ከዚያ መሬቱን።

«አይደል ብዬ ጠይቄሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ይሆናል አልሽኝ።»

«አዎ።»

ሌላ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። ስድብም ቢሆን፣ ጩኸትም ቢሆን፣ የሚይዙት ነገር ነበር። ሰውየው ግን ፊቱ ላይ የነበረው ያ ቀለል ያለ ነገር ሲወርድ፣ ከሥሩ ቁጣ አልነበረም። ምንም አልነበረም። ሊወስደው የመጣ መኪና ጡሩምባ ከመንገድ ተሰማ።

እናቱን አቅፎ ጉንጫቸውን ሳመ፤ «እማ፣ ሲደውሉልሽ ስልኩን ወደ ጆሮሽ አስጠጊ እንጂ አትጩሂ» አላቸው። ልጅቷን አነሣትና አንገቷ ሥር አሸተታት፤ «አባዬ ማነው?» ብሎ ጠየቃት። «አንተ ነህ!» አለችው እየሳቀች። ስለ ጀልባዋ አደራውን አልደገመም፤ መቼ እንደሚመለስም አልተናገረም። ሻንጣውን አንሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ፣ የሆነ ነገር እንደረሳ ሰው ወደ ሚስቱ ዞር አለ።

«ደህና ዋዪ» አላት፤ ደንበኞቿ ልብሳቸውን ተረክበው ሲወጡ እንደሚሏት።